በቶንጎ ቤት ማሠራትና የሚታመን ተቋራጭ አመራረጥ

ቶንጎ ከአሶሳ በስተደቡብ የምትገኝ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ቤት ለማሠራት ያሰበ ሰው፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፤ ሥራውን ለሚታመን ሰው መስጠቱን በምን ሊያውቅ ይችላል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። ጉዳዩ ተራ የቤት ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ሰው ቤት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራውና የብዙ ዓመት ልፋቱን ሁሉ የሚያፈስበት ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም።

በቀድሞው ልማድ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር። ሽመል ከዱር ይቆረጣል፤ ሣር ይታጨዳል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ያቆማል፤ ይከድናል። በዚህ አሠራር ሁለት ዋስትናዎች ነበሩ። አንደኛው ዕውቀት ነው፤ ሁሉም ቤት ሠርቶ ያውቃልና ክፉውን ሥራ ከደጉ መለየት አይቸግረውም። ሁለተኛው እፍረት ነው፤ ያጎበጠውን ያቆመ ሰው በማግሥቱ በዚያው ደጃፍ ማለፉ አይቀርም። ዛሬ ቆርቆሮ፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲመጡ ግን ባለቤቱ የሥራውን ጥበብ አያውቅም፤ ሠሪውም ብዙ ጊዜ ለአንድ በጋ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዋስትናዎች በአንድነት ጠፉ። የእኛም ሐሳብ በእነዚህ ምትክ ምን ሊቆም እንደሚችል ማሳየት ነው።

ከመካከላችን የአንዱ አክስት በጉሊት ንግድ ለብዙ ዘመን ባጠራቀሙት ገንዘብ በቶንጎ የጭቃ ቤት በኮንትራት አሠርተው ነበር። ሠሪው ከዋጋው ሁለቱን እጅ አስቀድሞ ተቀበለ፤ ሥራውንም ፈጥኖ ጨረሰ። ልስኑ ያማረ፤ በሩም የተስተካከለ ስለ ነበረ ደስ ብሏቸው ቀሪውን ከፈሉ። በሁለተኛው ክረምት ግን አንደኛው ግድግዳ ዘመመ። ጭቃው ተነሥቶ ሲታይ፤ ምሰሶዎቹ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ምስጥ ጨርሶ በልቶታል። ሠሪው ቢፈለግ ስልኩ አይሠራም፤ ቤቱን የሚያውቅ የለም፤ በወረቀት የተጻፈ ውልም አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ በልስኑ ላይ አንድ ስንጥቅ እንኳ አልታየም። እኒህ ሴት የመረመሩት የሚታየውን ነበር፤ ጉዳቱ ግን በተሸፈነው ውስጥ ነበረ።

ከዚህ አንድ መመሪያ እናገኛለን፤ ይኸውም የሚታመን ሠሪ ማለት ሳይሸፍን በፊት የሚያሳይ ሠሪ ማለት ነው። ባለቤቱ ሁሉን ማወቅ አይችልም፤ ነገር ግን ከመሸፈናቸው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ሊያይ ይችላል።

መጀመሪያው ከመሬት የሚገባው እንጨት ነው። በአሶሳ አካባቢ የምስጥ ብርታት የታወቀ ነው። ጠንቃቃ ሠሪ በቦታው ያለውን ኩይሳ ቆፍሮ ያጠፋል፤ የምሰሶውን እግር በእሳት ይለበልባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን እንጨቱን ከአፈር አንሥቶ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ነው። ሁለተኛው ሽመሉ ነው። ሽመል ሦስት ዓመት ያህል ሳይሞላው ከተቆረጠ ነቀዝ ይፈጥንበታል፤ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማድረቅም ነቀዙ የሚፈልገውን ስታርች ይቀንሳል። ሦስተኛው ኮንክሪቱ ነው። ባለቤቱ ብረቱ ታስሮ ሳለ ይየው፤ ሲሚንቶው፤ አሸዋውና ጠጠሩም በሳጥን ሲሰፈሩ ይቍጠር። ለተራ ሥራ የተለመደው ልክ አንድ፤ ሁለትና ሦስት ነው። ውኃ ማብዛት ለሠራተኛው ሥራውን ያቀልለታል፤ ኮንክሪቱን ግን ያደክመዋል። ከተሞላ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው።

ሰውየውን ለማወቅስ ምን ይደረግ? አምና የሠራውን ቤት ሳይሆን ሦስት ክረምት ያለፈበትን ቤት ማየት ይሻላል። ባለቤቱንም «ቤቱ ጥሩ ነውን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ተበላሸ? ሲጠሩትስ ተመልሶ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። አሸዋ የሚያቀርቡለትንና የቀን ሠራተኞቹን በወቅቱ ይከፍል እንደ ሆነ መጠየቅም ይጠቅማል፤ ለእነሱ ያልታመነ ለባለቤቱ ሊታመን አይችልምና። ለትልልቅ ሕንፃዎች ተቋራጩ በደረጃ የተመዘገበና ፈቃዱን ያሳደሰ መሆን ይገባዋል፤ ሆኖም ፈቃድ ስለ ሰውየው ችሎታ እንጂ ስለ ጠባዩ አይመሰክርም።

ሕጉም ሊታወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3039 እንደሚለው፤ ተቋራጩ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ሥራው በሚገባ ስለ መሠራቱና ስለ ሕንፃው ጽናት ዋስ ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ ሕንፃው በአሠራር ጕድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ ኀላፊነቱ የእሱ ነው። ነገር ግን ይህ መብት አድራሻው በማይታወቅ ሰው ላይ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ዋጋው፤ የዕቃው ዓይነትና መጠን፤ የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ በከተማው የሚታወቅ ዋስም ይጠራ። ደግሞም ባለቤቱ ግንበኛና አናጢ በቀን ክፍያ ቀጥሮ ራሱ ቢያሠራ፤ ተቋራጩ እሱ ራሱ እንደ ሆነና ጕድለቱንም እንደሚሸከም አይርሳ።

ክፍያው ሥራውን ይከተል እንጂ አይቅደመው። መሠረት ሲያልቅ፤ ግድግዳ ሲቆም፤ ጣሪያ ሲከደን እየታየ ይከፈል፤ ጥቂቱም አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይቆይ። በዚህ ላይ ሠሪዎች «ዕቃ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም» ብለው የሚያቀርቡት መቃወሚያ እውነት አለበት፤ ሐሳቡን እየለወጠ ክፍያ የሚያዘገይ ባለቤትም አይጠፋም። መፍትሔው ባለቤቱ ዕቃውን ከሠሪው ጋር ሄዶ ራሱ መግዛቱና ለጉልበት ብቻ መክፈሉ ነው። ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ዋጋ የጠራ ሰው ቢመጣም ከመደሰት በፊት ስንት ኵንታል ሲሚንቶ እንደሚያገባ ይጠየቅ፤ የጐደለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሚሸፈነው ክፍል የተቀነሰ ነውና።

በጠቅላላው ስንመለከተው፤ የደቦው ዘመን ዋስትና ጨርሶ የማይመለስ አይደለም። ዕውቀቱን ሳይሸፈን በማየት፤ እፍረቱንም በጽሑፍና በዋስ መተካት ይቻላል። እኛ ተማሪዎችም በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ስንመለስ፤ ለዘመዶቻችን አንድ ውል ጽፈን ብናነብላቸው፤ መሠረቱም ሲሞላ አብረናቸው ቆመን ብንቈጥር፤ ትምህርታችን ከዚህ የቀረበ ጥቅም የሚያገኝ አይመስለንም።