ጥያቄው ከቀለም መግዣው ይጀምራል

ወደ አውሮፓ ልብስ ለመላክ የሚያስብ ሰው የኬሚካል ደኅንነት ጉዳይ ሲነሳ ቶሎ የሚጠይቀው «ምርመራው የት ይደረጋል? ስንትስ ያስከፍላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዘገየ ግን ነው። ልብሱ ተሸምኖና ተዘምዝሞ ካርቶን ውስጥ ከገባ በኋላ ላብራቶሪ የሚነግረን ያለፈውን ነው። ጉዳዩ ያለቀው ቀለሙ የተገዛ ዕለት ነው። ይህን የምለው ለባሕር ዳርና ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ብቻ አይደለም። እዚሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ሴቱም ወንዱም በሽመና ለሚተዳደርበት አውራ አምባና ለወረታ አካባቢ ሸማኔም ጭምር ነው።

ጥቁር ቀለምን እንመልከት። ጥጥ ለማቅለም ቀላሉ መንገድ «ዳይሬክት» ከሚባሉት ቀለሞች አንዱን ከጨው ጋር በፈላ ውኃ በጥብጦ ክሩን መቀቀል ነው። ከእነዚህ መካከል ዳይሬክት ብላክ 38 የሚባለው የሚሠራው ከቤንዚዲን ነው፤ ቤንዚዲን ደግሞ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ዱቄቱን የሚያነሳው፣ እንፋሎቱ ላይ የሚቆመው ቀላሚው ነው፤ ከለባሹ ይልቅ አደጋው የሚቀርበው ለእሱ ነው። «ሪች» የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ሕግ ከእንዲህ ያሉ ቀለሞች የሚወጡ 22 ንጥረ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ቆዳ በሚነካ ጨርቅ ላይ እያንዳንዳቸው በኪሎ ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጡ ይከለክላል። በእኛ ሚዛን በኩንታል 3 ግራም መሆኑ ነው። በዚህ ቀለም የተነከረ ክር ገደቡን የሚያልፈው ለጥቂት አይደለም፤ በብዙ እጥፍ ነው። አጥቦ ማስተካከልም አይቻልም። ደግሞ ጥቁር ሁሉ ክልክል ስላልሆነ በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በርሜሉ ላይ ባለው የቀለሙ መለያ ቁጥርና በአምራቹ የደኅንነት መረጃ ወረቀት ነው። ከበርሜል ተቀንሶ በፌስታል የተሸጠ ዱቄት ሁለቱም የሉትም።

«የእኛ ንጹሕ ጥጥ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። ሪች የአንድ ቶን መነሻ ያስቀመጠው ለኬሚካል ምዝገባ ነው። ክልከላው ግን መነሻ መጠን የለውም፤ ለገበያ የቀረበች አንዲት ስካርፍም ትያዛለች። ጥጡ ንጹሕ መሆኑ የቀለሙን ማንነት አይለውጠውም።

«ገበያ ለመዝጋት የተፈጠረ ሰበብ ነው» የሚሉም አሉ። ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ሀብታም አገሮች ደረጃን እንደ አጥር የተጠቀሙበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ግን አይገጥምም። ክልከላው የራሳቸውንም ፋብሪካዎች ይይዛል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ለታዳጊ አገሮች በተሰጠው ዕድል ልብሷን ያለ ቀረጥ ታስገባለች። ኖኒልፌኖል ኢቶክሲሌት የተባለውን የማጠቢያ ኬሚካል ታሪክ ብናይ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። አውሮፓ በራሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ካገደችው በኋላም ከውጭ የገባ ልብስ በየቤቱ ሲታጠብ ወደ ወንዞቿ መግባቱን ቀጠለ። ዓሣ የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ከየካቲት 3 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታጣቢ ልብስ ላይ ከ0.01 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በኩንታል 10 ግራም። እንግዲህ እነሱን ያስጨነቃቸው ልብሱ ላይ የተረፈው ትርፍራፊ ነው። አብዛኛው የቀረው ክሩ በታጠበበት አገር ነው። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሩዝ እያጠጡ ጣና ይገባሉ፤ የማቅለሚያ እጣቢም ሌላ መሄጃ የለውም።

ከባዱ ተቃውሞ የገንዘቡ ነው፤ እውነትም አለው። አንድ ሸማኔ ለየቀለሙ የላብራቶሪ ሂሳብ ከፍሎ አያተርፍም። ለዚህም ነው ከግዢው መጀመር የሚበጀው። ማኅበር ሆነው አራት አምስት ቀለም ብቻ መርጠው፣ ከነወረቀቱ ያልተከፈተ በርሜል ቢገዙ፣ የሚመረመረው እያንዳንዱ ልብስ ሳይሆን የተነከረው ክር ይሆናል፤ ከዚያ ክር ደግሞ ብዙ ስካርፍና የአልጋ ልብስ ይወጣል። ሕጉ የሚጠይቀው አውሮፓ ያለውን አስመጪ ስለሆነ፣ አስመጪው ኃላፊነቱን በውል ወደ ላኪው ያወርደዋል፤ ወረቀት ወረቀት የሚለውም ለዚህ ነው። የበርሜሉን ባች ቁጥር፣ ክሩ የተነከረበትን ቀንና ከየትኛው ጭነት ጋር እንደሄደ የያዘ ተራ ደብተር ካለ፣ አንድ ጥለት ምርመራ ሲወድቅ የሚመለሰው በዚያ ክር የተሠራው ብቻ ነው። ደብተሩ ከሌለ ግን የቱ ከየትኛው በርሜል እንደመጣ ስለማይታወቅ ጭነቱ በሙሉ ይመለሳል።