የአረጋውያን መውደቅና የቤታችን አያያዝ

ባለፈው የእንቁጣጣሽ በዓል አያታችን በተጎዘጎዘው ቄጠማ ላይ እግራቸው ተንሸራተተና ወደቁ። አጥንታቸው ባለመሰበሩ ሁላችንም ፈጣሪን አመሰገንን። ከሳምንት በኋላ ግን ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ፥ አንዴ ከመታጠቢያ ቤት፥ አንዴም ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ በደጃፉ ደረጃ ላይ ወድቀው እንደ ነበር ከቤት ሠራተኛዋ ሰማን። ለምን እንዳልነገሩን ብንጠይቃቸው፥ «ሥራ ላስፈታችሁ ወይ ልጆቼ?» ብለው መለሱልን።

ይህ መልስ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያለነውን ወጣቶች ሊያሳፍረን ይገባል። ከደመወዛችን ከፍለን ስንሰጥ ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል፤ ነገር ግን ወላጆቻችን የሚረግጡትን ወለል ጎንበስ ብለን አይተን አናውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መግለጫ፥ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞት፥ ከፍተኛው የሟች ቁጥርም ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ እንደሚገኝ አስታውቋል። ከሞት የተረፈውም ቢሆን የዳሌው አጥንት ከተሰበረ ከአልጋ ይውላል። ያልተሰበረው ደግሞ ዳግመኛ እንዳይወድቅ ፈርቶ መራመድ ይተዋል፤ የማይራመድ እግር ይደክማል፤ የደከመ እግርም መልሶ ይጥላል።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጫፉ የተጠቀለለ ምንጣፍ ይነሣ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ ከዕቃ ይጽዳ፤ ባትሪም ከራስጌ አይጥፋ። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ጠንካራ የብረት መያዣ ይተከል። ለመነሣት ከሚያስቸግር በርጩማ ይልቅ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይቅረብላቸው። ቄጠማውም ቢሆን መተላለፊያውን ትቶ ቢጎዘጎዝ በዓሉ አይጎድልበትም።

ከቤቱ ሌላ ሰውነትም መታየት አለበት። የዓይን ሞራ እንቅፋትን ይሰውራል። አንዳንድ የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒትም ሲነሡ ራስን ሊያዞር ስለሚችል ሐኪም ማማከር፥ ከመቆምም በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት መቀመጥ ይጠቅማል። እግርን የሚያበረታና ሚዛንን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ፥ ኮክሬን የተባለው ድርጅት ብዙ ጥናቶችን መርምሮ በ2019 ገልጿል።

አያታችን ከዘራ መያዝ ያፍሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፈው እንደሚቆሙ ብናስታውሳቸው ግን ሣቁና ተቀበሉን።

እንግዲህ አንባቢያችን ዛሬ እሑድ ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲሄድ፥ ቤቱን ከደጃፉ ጀምሮ እየረገጠ ይመልከት። ከቡና በኋላም ወድቀው እንደ ሆነ በቀስታ ይጠይቃቸው፤ ሳይጠየቁ አይናገሩምና።