ሥጋን መግዛት ሥጋን መጥላት እንዳይደለ የሚያስረዳ ሐተታ

ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ እስረኛ ሆኖ ሳለ የይሁዳ ገዥ ፊልክስ ከሚስቱ ከድሩሲላ ጋር መጥቶ አስጠራው፤ በክርስቶስ ስለ ማመን የሚናገረውንም ሊሰማ ወደደ። ሐዋርያው ግን ለገዥ ጆሮ የሚጣፍጠውን ትቶ ስለ ጽድቅ፥ ራስን ስለ መግዛት፥ ስለሚመጣውም ፍርድ ነገረው፤ ፊልክስም ፈራ። ይህ በሐዋርያት ሥራ በ24ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ከጽድቅና ከፍርድ መካከል ራስን የመግዛት ነገር ስለ ምን ገባ ቢሉ፥ ድሩሲላ አስቀድሞ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች። የአይሁድን ታሪክ የጻፈው ዮሴፍ እንደሚተርከው የኤሜሳ ንጉሥ አዚዝ አግብቷት ሳለ ፊልክስ ውበቷን አይቶ መልእክተኛ ልኮ ከባልዋ አስኰበለላት። እንግዲህ ይሁዳን የሚገዛ ሰው የገዛ ዓይኑን መግዛት ተስኖት ነበር፤ እስረኛው ግን ራሱን ይገዛ ነበርና፥ በዚያ ቀን ገዥው ማን፥ ተገዡስ ማን እንደ ሆነ ነገሩ ተገለበጠ።

ራስን መግዛት የተባለው ቃል በጽርዕ ኤንክራቴያ ይባላል፤ ኃይልና ሥልጣን ከሚል ሥር የወጣ ነው። ሐዋርያው ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ከመንፈስ ፍሬ ጋር ቈጠረው፤ ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክት በ1ኛው ምዕራፍ በዕውቀትና በትዕግሥት መካከል አኖረው። ነገር ግን ከሐዋርያት ዘመን በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይህ የምግባር ስም የመናፍቃን ስም ሆነ፤ ኤንክራቲታውያን የሚባሉ ሰዎች ተነሥተዋልና። አንዱ ቃል የመንፈስ ፍሬም የክህደት መጠሪያም መሆኑ እንዴት ነው ብሎ መመርመር ይገባል። ጾምን የሚያዝዝ ካህን፥ የታዘዘውንም የሚጾም መኰንን ይህን ሳያውቁ ቢቀሩ ድካማቸው ወዴት እንደሚወስዳቸው አያውቁም።

በመጀመሪያ የሐዋርያውን ምሳሌ እንመልከት። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክት በ9ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሯጭንና በቡጢ የሚጋጠምን ሰው ምሳሌ አድርጎ አመጣ። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ለማስተዋል አስረጂ አላስፈለጋቸውም። በከተማቸው አቅራቢያ በኢስትምያ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የግጥሚያ በዓል ይደረግ ነበርና፤ የሚያሸንፈውም ሰው ከቅጠል የተጐነጐነ አክሊል ይቀዳጅ ነበር። ለሚጠወልግ ቅጠል ብሎ ተጋዳዩ ከመብልና ከመጠጥ ራሱን ይከለክል ነበር። ሐዋርያውም ሥጋውን እንዴት እንደሚይዝ ሲናገር ሁለት ቃል ተናገረ። የፊተኛው ቃል በጽርዕ ከዓይን በታች መምታት ማለት ነው፤ ይህ የቡጢ ተጋዳይ ሥራ ነው። ሁለተኛው ባሪያ አድርጎ መንዳት ማለት ነው። ምሥጢሩ በዚህ በሁለተኛው ቃል አለ። በዚያ ዘመን ባሪያ የሚፈለገው ለሥራ ነበር፤ ባሪያውን የገደለ ጌታ አገልጋይ አጣ እንጂ ሥልጣን አላገኘም። አንድም፥ በቅሎ ያለው ሰው ልጓም የሚያገባላት ወደሚሻው አገር ታደርሰው ዘንድ ነው። ገብስ ነሥቶ ቢያስርባት በመንገድ ያስቀረዋል፤ ያለ ልጓም ቢለቃትም ወደ ገደል ትወስደዋለች። ሥጋም እንዲሁ ነው፤ ይመገባል፥ ይለጐማልም።

ዳግመኛ ሥጋ የሚለውን ስም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በጽርዕ ሶማ እና ሳርክስ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሶማ አካል ነው፤ ሐዋርያው የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ብሎ የጠራው ይህን ነው። ሳርክስ ግን በሐዋርያው መልእክት ብዙ ጊዜ ከእግዚአብሔር የራቀውን የሰውን ፈቃድ ያመለክታል። የሥጋ ሥራ ተብለው በገላትያ መልእክት የተቈጠሩትን ያስተዋለ ሰው ይህን ይረዳል። ዝሙትና ስካር ከእነርሱ መካከል አሉ፤ ነገር ግን ጣዖት ማምለክ፥ ጥል፥ ቅንዓት፥ ቍጣ፥ አድመኝነት፥ መለያየት፥ ምቀኝነትም የሥጋ ሥራ ተብለዋል፤ እነዚህም ከሆድ የሚመጡ አይደሉም። ሳርክስ የሚለውም ቃል ቢሆን በባሕርዩ ክፉ አይደለም፤ ዮሐንስ ወንጌላዊ ስለ ቃል ሥጋ መሆን ሲናገር የጻፈው ይህንኑ ቃል ነውና። ሥጋ በተፈጥሮው ርኩስ ቢሆን ቃል ባልተዋሐደው ነበር።

ኤንክራቲታውያን ግን ይህን አላስተዋሉም። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የጻፈው አውሳብዮስ እንደሚናገረው የዚህ ወገን መሪ ሶርያዊው ታትያኖስ ነበር፤ እርሱም የሰማዕቱ የዮስጢኖስ ደቀ መዝሙር የነበረ ነው። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር 172 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በዚህ ሐተታ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጋብቻን ከዝሙት ቈጠሩ፤ ሥጋ መብላትንና ወይን መጠጣትን እርም አደረጉ። ከእነርሱ አስቀድሞም በ144 ዓ.ም. ከሮሜ ቤተ ክርስቲያን የተለየው ማርቅዮን የዚህ ዓለም ፈጣሪ ከክርስቶስ አባት ሌላ ነው ብሎ ተከታዮቹን ከጋብቻ ከለከለ። ከዚያም በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት ማኒ በፋርስ ተነሥቶ ሥጋ የጨለማ ሥራ ነው ብሎ አስተማረ።

የሦስቱም ስሕተት ሥሩ አንድ ነው። ጾማቸው በውጭ ሲታይ የቅዱሳንን ጾም ይመስላል፤ በጭንቀቱም ይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን ቅዱሳን መብልን የተዉ መብል መልካም እንደ ሆነ እያወቁ ነው፤ እነዚያ ግን ክፉ ነው ብለው ተዉት። መልካሙን ነገር ስለ እግዚአብሔር የሚተው ሰው መሥዋዕት አቀረበ። ክፉ ነው ብሎ የሚተው ግን ጉድፍ ጣለ እንጂ ምን መሥዋዕት አቀረበ? የመናፍቃን ጾም ከንቱ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው፤ የጣሉት ስጦታን ነው፥ የሰደቡትም ሰጪውን ነው።

ሐዋርያው ይህን አስቀድሞ አይቶ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ ከጋብቻና ከመብል የሚከለክሉ ሰዎች እንደሚነሡ አስጠነቀቀው፤ በ5ኛውም ምዕራፍ ውኃ ብቻ ይጠጣ የነበረውን ደቀ መዝሙሩን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው። በሐዋርያት ስም የተጻፈው ቀኖናም ጳጳስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን ስለ ተጋድሎ ሳይሆን ስለ መጸየፍ ከጋብቻ፥ ከሥጋና ከወይን ቢከለከል፥ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም መሆኑን ረስቷልና ይታረም፥ እንቢ ቢልም ይሻር ብሎ ያዝዛል። በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በታናሽ እስያ በጋንግራ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳትም ሥጋ የሚበላውን ምእመን የሚኰንኑትን፥ ያገባ ቄስ ከቀደሰው ቍርባን የሚርቁትን፥ በተጋድሎ ሰበብ ልጆቻቸውን የሚጥሉትን፥ በእሑድም የሚጾሙትን አወገዙ። በመጨረሻም ድንግልናን በትሕትና የያዘውን እንደሚያመሰግኑ፥ የከበረ ጋብቻንም እንደሚያከብሩ መሰከሩ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የተቈጣችው በትዕቢት ላይ ነው እንጂ በጾም ላይ አይደለም።

ይህን ትምህርት ከግሪክ ፈላስፎች የሚለየው ነገር ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንመልከት። አፍላጦን ነፍስን ሁለት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ መሰላት፤ ነጂው ልቡና ነው፤ አንዱ ፈረስ ገር፥ ሁለተኛው አስቸጋሪ ነው። ምሳሌው መልካም ነው። በ215 ዓ.ም. ገደማ ያረፈው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ግን ስትሮማታ በሚባለው መጽሐፉ በ3ኛው ክፍል ልዩነቱን አሳየ። ፈላስፎች ራስን መግዛት የሚሉት ፍትወት ሲነሣ መታገልና በሥራ አለመታዘዝን ነው። የክርስቲያን ራስን መግዛት ግን ምኞቱ ራሱ እንዲስተካከል ነው፤ ይህም በሰው ጕልበት ብቻ አይገኝም፥ ከእግዚአብሔር ጸጋ ነው እንጂ። ደጁን የዘጋ ሰው ሌባውን በውጭ አስቀረው፤ ሌባውን ያሳመነ ግን ቤቱን የሚጠብቅ ወዳጅ አገኘ።

በግብፅ ምድረ በዳ የነበሩ አባቶች ይህን በሥራ ገለጡት። በ399 ዓ.ም. ያረፈው ኤዋግሪዮስ ክፉ አሳቦችን ስምንት አድርጎ ቈጠራቸው፤ እነርሱም ሆዳምነት፥ ዝሙት፥ ፍቅረ ንዋይ፥ ኀዘን፥ ቍጣ፥ ታካችነት፥ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት ናቸው። ከሆድ ጀምሮ በትዕቢት መጨረሱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሆዱ የተሸነፈ በመጀመሪያው በር ወደቀ፤ ሆዱን አሸንፎ በጾሙ የሚመካ ግን በመጨረሻው በር ወደቀ፤ ከፍ ካለ ስፍራ የወደቀም ይበልጥ ይሰበራል።

አባ እንጦንስ በ251 ዓ.ም. ገደማ ተወልዶ በ356 ዓ.ም. አረፈ። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ ሃያ ዓመት ያህል በፈረሰ አምባ ውስጥ ተዘግቶ ከኖረ በኋላ ሲወጣ ሰዎች አይተው እንደተደነቁ ይተርካል። ሥራ በማጣት አልወፈረም፥ በጾምም አልከሳም፤ ነፍሱም በኀዘን አልጠበበችም፥ በሳቅም አልተፈታችም። ተጋድሎ ሥጋን ወደ ተፈጥሮው ሥርዓት ይመልሳል እንጂ እንደማያፈርስ ይህ ምስክር ነው። እንዲሁም አንድ አዳኝ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ደስ ሲለው አይቶ በተሰናከለ ጊዜ፥ ቀስቱን ደጋግሞ እንዲስብ አዘዘው። አዳኙ ቀስቱ ከመጠን በላይ ቢሳብ እንደሚሰበር በነገረው ጊዜ፥ በእግዚአብሔር ሥራም እንዲሁ መሆኑን አስረዳው። አባ ጴሜንም በወጣትነቱ ሁለትና ሦስት ቀን፥ እስከ ሳምንትም ድረስ ይጾም ነበር፤ በኋላ ግን አባቶች ሁሉን ፈትነው በየቀኑ በመጠን መብላትን የተሻለ ሆኖ እንዳገኙት አስተማረ። ሳምንት የጾመ ሰው ሊመካ ይችላል፤ በየቀኑ ሳይጠግብ ከገበታ የሚነሣ ግን የሚመካበት ነገር የለውም።

አሁን የጾም መለኪያው ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። በ2ኛው መቶ ዓመት በሮሜ የተጻፈው፥ በግእዝም ተተርጕሞ የተጠበቀው የሄርማ መጽሐፍ የሚጾም ሰው ሊበላው የነበረውን ዋጋ ቈጥሮ ለመበለት፥ ለድሀ አደግ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። የአቴናው አርስጢዴስም በዚያው መቶ ዓመት ስለ ክርስቲያኖች ሲመሰክር፥ ከመካከላቸው ድሀ ቢገኝ እነርሱም ትርፍ ባይኖራቸው፥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጾመው ያን ድሀ እንደሚመግቡት ጻፈ። በ369 ዓ.ም. በቀጰዶቅያ ረኀብ በጸና ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ በስብከቱ ግድ አላቸው፤ የተራቡትንም ሰብስቦ ወገቡን ታጥቆ አገለገላቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የተናገረው ጾም ይህ ነው። ከአፍ የተከለከለው እህል በጎተራ ቢቀር ንፍገት ይባላል፤ ወደ ድሀ አፍ ቢደርስ ጾም ይባላል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት ታውጀዋል፤ ምእመናንም በፍቅር ይጠብቋቸዋል። ስለዚህ ይህ ነገር ለንስሐ አባትና ለመኰንን ሁለት ትእዛዝ አለው። የንስሐ አባት ለብርቱው የሚሰጠውን ቀኖና ለሕመምተኛ፥ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር አይስጥ፤ ቀስት ሁሉ እኩል አይሳብምና። መኰንንም ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ የጾሙ ገበታ በወጥ ብዛት ከፍስኩ ቢበልጥ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሦ የተበደለውን ድሀ ፍርድ ቢያጓድል፥ ሆዱ ጾመ እንጂ እርሱ አልጾመም። ሥጋውን የሚገዛ ሰው በእጁ፥ በምላሱና በፍርዱ ይታወቃል።

ወደ ፊልክስ ነገር እንመለስ። ሐዋርያው ራስን ስለ መግዛት በነገረው ጊዜ ፈራ እንጂ አልተመለሰም፤ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ ሰደደው። ወዲያውም ከጳውሎስ ገንዘብ ተስፋ እያደረገ ደጋግሞ ያስጠራው ነበር፤ ሁለት ዓመትም ካለፈ በኋላ አይሁድን ደስ ለማሰኘት ታስሮ ሳለ ትቶት ሄደ። በአንድ ፍትወት የተገዛ ሰው በሦስት ተገዛ፤ በሴት ውበት፥ በመማለጃ፥ በሰው ውዳሴ። መፍራቱ የመዳኑ መጀመሪያ ሊሆንለት ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚመች ጊዜ ጠበቀ፥ ያም ጊዜ መምጣቱ አልተጻፈም። ቃሉን የሰማ ሁሉ በሰማበት ቀን ይጀምር፤ በጥቂቱ ይጀምር፥ ከድሀውም ጋር ይጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።