የታመመች እናት ማዕድ ለብቻው አይሁን

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ምክር በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ያላነበበ ተማሪ በአገራችን የሚገኝ አይመስለንም። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ገና ላልታመመ ሰው ነው። ለታመመውስ ሰው፣ ይልቁንም ከታመመው ጋር በአንድ ማዕድ ለሚቀመጠው ቤተ ሰብ ምን ተጽፎለታል? ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ይኸውም የስኳር ሕመም ያደረባት እናት ወይም ያደረበት አባት በቤት ሲኖር ምድጃው እንዴት ይያዝ፣ የልጆችስ ስጋት በምን ይታገሥ የሚለው ነው።

የስኳር ሕመም እንደ ወባ ትኩሳት መጥቶ የሚሄድ ደዌ አይደለም። ከምንበላው እህል የሚገኘውን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ ኢንሱሊን የሚባል ነገር በውስጣችን አለ፤ ይህ ሲያንስ ወይም ሥራው ሲዳከም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። አንድ ሰው በባዶ ሆዱ ተመርምሮ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ስኳር በተደጋጋሚ ከተገኘበት የስኳር ሕመም አለበት ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የሐኪም ብቻ መሆኑ ይቀርና የቤት ጉዳይ ይሆናል። ሐኪሙ ሕመምተኛዋን በቀጠሮዋ ቀን ያያታል፤ ድስቱ ግን በየቀኑ ይጣዳል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ እንደ እኛው በቅርቡ ትምህርታቸውን ፈጽመው በመሥሪያ ቤት የተቀጠሩ፣ ወይም ገና በዩኒቨርሲቲ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ወላጆቻቸው ግን በአብዛኛው ሩቅ ናቸው። የእኛም እናት የምትኖረው በድባጤ ነው። ድባጤ ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት በመተከል አውራጃ ውስጥ የነበረች፣ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኝ ወረዳ ናት፤ ጉሙዙና ሺናሻው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት፣ ማሽላና ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ኑግና ሰሊጥ የሚበቅልባት አገር ናት። ከእንዲህ ያለ ቦታ «እናታችሁ ስኳር ተገኘባት» የሚል ቃል በስልክ ሲደርስ፣ ልጅ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ቢቀመጥም ልቡ እዚያ የለም።

በዚህ ላይ «ስኳር የከተማና የጥጋብ በሽታ ነው፤ አርሶ የሚበላን ሰው ከየት አገኘው?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን የገዛ አገራችን ሐኪሞች አስረድተዋል። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድኾችና የገጠር ሰዎች መሆናቸውን ተመልክተው በ2009 በአውሮፓ አቈጣጠር ለዓለም ሊቃውንት በጽሑፍ አቅርበዋል። ሕመምተኛው ሩቅ ሆስፒታል ድረስ እንዳይንከራተት በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች እንዲከታተሉት ያደረገውም ይኸው የጎንደር ሥራ ነው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ ተቀብሎታል። እንግዲህ እናት ስኳር ያዛት ማለት በልታ ጠግባ አጠፋች ማለት አይደለም፤ ነውርም የለበትም።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው ከጎረቤት ሳይሆን ከልጆች ፍቅር ነው። ልጅ ይፈራል፤ የፈራ ልጅም ይከለክላል። «እንጀራ ይቅርብሽ፤ ገንፎ አትቅመሺ፤ ጠላ ወደ አፍሽ እንዳይደርስ» እያለ ቀኑን ሙሉ ያዝዛል። ይህ ዓይነቱ ክልከላ የዱሮ ዘመን ቅሪት ነው። በ1921 በአውሮፓ አቈጣጠር በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ከማግኘታቸው በፊት ሐኪሞች ለዚህ ደዌ የነበራቸው ዋና መሣሪያ ረሃብ ነበር። ሕመምተኛው ጥቂት ወራት እንዲሰነብት ሲሉ የሚቀምሰውን ምግብ እጅግ ያሳንሱበት ነበር። በጥር ወር 1922 በመጀመሪያ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ሲሆን ሰውነቱ ከመመንመኑ የተነሣ ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ያ ዘመን ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። መድኃኒት እየወሰደች ያለችን እናት ማስራብ ግን ዛሬ ጥቅም የሌለው ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ፊት እንደምናየው አደጋም ያለበት ነው።

ከክልከላው ጋር የሚመጣው ሁለተኛው ነገር ትንሿ ድስት ናት። በድባጤው ቤታችን እኅታችን ለእናታችን ለብቻዋ ጎመን ቀቅላ፣ በትንሽ ሳህን አድርጋ፣ ከመሶቡ ራቅ አድርጋ አቀረበችላት። እናታችን ሳህኑን አየችና «ልጄ፣ እኔ በቤቴ እንግዳ ሆንሁ ወይ?» አለቻት። በአገራችን ልማድ ማዕድ መለየት የቅያሜ ወይም የመጸየፍ ምልክት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ማዕዱ የተለየበት ሰው በቀን ጎመኑን ይቀምስና ሌሊት ሌማቱን ይከፍታል፤ ይህም ሆዳምነት ሳይሆን ሰው የመሆን ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የተደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ትንሿ ድስት ተሰቀለች፣ ትልቁ ድስት ተለወጠ። እናታችን የምትበላውን ሁሉም ይበላል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ትልቁ ድስት እንዴት ይለወጣል? ሐኪሞች የሚያስተምሩት የሳህን ሥርዓት ከሳህኑ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ደግሞ እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ሥጋ ያለው እንዲሆን ነው። በእኛ አገር ግን እንጀራው ራሱ ሳህን፣ ራሱም ማንኪያ ስለሆነ ልኩ ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ እናታችን ከጤና ባለሙያው ጋር የተነጋገረችበትን የእንጀራ ልክ አስቀድማ በፊቷ ታኖራለች፤ መጨመር ስትሻ የምትጨምረው ከእንጀራው ሳይሆን ከጎመኑና ከሽሮው ነው። ለዚህም የአገሩ ምድር ለጋስ ነው። ጎመኑ አለ፤ ባሚያው አለ፤ ጉሙዞች በክረምት የሚሠሩት የቀርከሃ ቡቃያ አለ። ገንፎም ፈጽሞ አይከለከልም፤ ካልተነፋ የማሽላ ወይም የዳጉሳ ዱቄት፣ በመጠኑ፣ ከእርጎ ጋር ሲሆን ከነጭ የስንዴ ዱቄት ይሻላል። «ጤፍ ያድናል፤ የለም፣ ዳጉሳ ነው የሚያድነው» እየተባለ የሚደረገው ክርክር ግን ከንቱ ነው። መድኃኒት የሆነ እህል የለም፤ ሁሉም ሲበዛ ስኳር ይሆናል።

ቡናው ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ይህ ለገጠር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ማንጎ በደረሰ ጊዜ አንድ ትንሽ ፍሬ ከነሥጋው መብላት ጨምቆ ከመጠጣት ይመረጣል። ስለ ማር ግን ጠንክረን መናገር አለብን። «ማር የተፈጥሮ ነውና ስኳር ያለበትን ሰው አይጎዳም» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ማር በደም ውስጥ ሲገባ ከስኳር ቤት ስኳር ብዙም አይለይም።

ሆኖም ማር ነፍስ የሚያድንበት ሰዓት አለ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለውን ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱን ወስደው ምግብ ቢያሳልፉ የደማቸው ስኳር ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ያልባቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይርባቸዋል፤ ንግግራቸውም ይዘበራረቃል። በዚህ ጊዜ መከራከር አያስፈልግም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ሰጥቶ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል ደግሞ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሊደረግለት አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ማስራብ አደጋ አለው ያልነውም ስለዚህ ነው። ጾም የሚጾም ሕመምተኛም፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መመካከር ይገባዋል።

በድባጤ ለሚኖር ኢንሱሊን ወጊ ሌላው ጭንቀት ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ጥቂት ነውና። ለዚህም ተስፋ አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሠፈር የለኩትን ሙቀት መሠረት አድርገው በ2021 በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል ኃይሉን ጠብቆ እንደሚቆይ አሳይተዋል። አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ጨምሮ፣ መድኃኒቱን ውሃ እንዳይነካው ሸፍኖ በጥላ ማኖር የእናቶቻችን የገንቦ ጥበብ ነው፤ ለኢንሱሊንም ያገለግላል።

ከሙቀት የከፋ ነገርም አገሩን ጎብኝቶታል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግድያና ሁከት ከድባጤ፣ ከቡለንና ከሌሎቹ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ ከፊሉም በቻግኒ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፍሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕመምተኛ መድኃኒቱን፣ ቀጠሮውንና የራሱን ምድጃ በአንድ ሌሊት ያጣል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስምና ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢያንስ በሁለት ልጆች ዘንድ ማኖር፣ ከተቻለም የጥቂት ሳምንት ትርፍ መድኃኒት በአንድ ከረጢት ማዘጋጀት ፈሪነት አይደለም። ሰላም በሆነ ጊዜም መንገድ በጎርፍ ይዘጋል።

አሁን ወደ ልጆች ስጋት እንመለስ። ሩቅ ያለ ልጅ ስጋቱን የሚያወጣው በስልክ ነው። ጠዋት ይደውላል፣ ማታ ይደውላል፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ስኳርሽ ስንት ሆነ?» ቁጥሩ ከፍ ካለ ይቆጣል። እናትም እንደ ተማሪ ውጤቷን መደበቅ ትጀምራለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን እንድትደብቅ ያደረጋት ማን እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አለብን። የደም ስኳር ከምግብ ሌላ በጉንፋን፣ በእንቅልፍ እጦትና በሐሳብም ይወጣል። ለብዙ ጎልማሶች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ያለው መልካም ነው ይባላል፤ ለሸመገሉት ሐኪሙ ላላ ያለ ልክ ሊሰጥ ይችላል። የአንድ ቀን ቁጥር ለመዝገብ እንጂ ለወቀሳ አይሆንም።

ስጋት ሥራ ሲሰጠው ይቀንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በቤታችን ሸክሙ ተከፋፍሏል። ደመወዝተኛው የመለኪያውን ወረቀት ይገዛል፤ ሌላው በቀጠሮ ቀን አብሯት ይሄዳል፤ ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ወደ ፓዌ ሆስፒታል የሚወስዳት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል፤ ታናሹ ማታ ማታ እግሯን አጥቦ ቁስል እንደሌለ ያያል። ምድጃውን ለያዘችው እኅታችን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የምታርፍበት ተወስኖላታል፤ የሚያስታምም ሰው የደከመ እንደሆነ ሕመምተኛ ሁለት ይሆናልና።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ እሑድ ነው፤ ወደ ቤት ሳትደውል አትቀርም። ቁጥሩን ከመጠየቅህ በፊት ዛሬ ምን እንደ ተሠራ፣ ከማን ጋር እንደ በላች ጠይቃት። ገንዘብ ከላክህም ከጎመኑና ከምስሩ ዋጋ ጋር የሚመጣጠን ይሁን፤ ጎመኑ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ የሚበቃ መሆን አለበትና።