የአንድ መንፈቅ ዓመት የተማሪ ልውውጥ በአሜሪካ፦ ዝግጅቱ ከመመለሻው ይጀምራል



ኢትዮጵያዊ ወደ አሜሪካ ሄዶ መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረዋል። እርሳቸው ግን የሄዱት ለሙሉ ዲግሪ ነበር። የልውውጥ ተማሪ ደግሞ የእኛው ተማሪ እንደ ሆነ ሄዶ ይመለሳል፤ ዲግሪውንም የሚሰጠው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው «እንዴት ትሄዳለህ?» ብዬ ሳይሆን «ስትመለስ የተማርኸው ይቆጠርልሃልን?» ብዬ ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ኮርሶቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ፤ አንዱን ያልወሰደም ቀጣዩን መውሰድ አይፈቀድለትም። እዚያ የተማረው ካልተቆጠረለት፣ አራት ወር የሄደ ተማሪ አንድ ዓመት ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው ከጉዞ በፊት የሚፈረም የትምህርት ስምምነት ነው፤ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ የትምህርት ክፍሉና ሬጅስትራሩ በጽሑፍ ያረጋግጣሉ። ለስሌቱ ያህል፣ በኢሲቲኤስ ሲለካ የአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርት 30 ገደማ ሲሆን፣ በአሜሪካ 15 ክሬዲት ገደማ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የዘመን አቈጣጠር ነው። የአሜሪካ የበልግ መንፈቅ ዓመት በነሐሴ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ተጀምሮ በታኅሣሥ ይፈጸማል። ጉራጌ ከያለበት ለመስቀል ወደ አገር ቤት ሲሰበሰብ፣ የእኛ ልጅ እዚያ ፈተና ላይ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ሰነድ ነው። ተቀባዩ ተቋም ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ ይልካል፤ ተማሪውም 220 ዶላር የሴቪስ ክፍያ ከፍሎ በኤምባሲው ለጄ-1 ቪዛ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። በዚያም ተመልሶ እንደሚመጣ ማሳመን ይጠበቅበታል፤ የተፈረመው የትምህርት ስምምነት እዚህም ይረዳዋል። የአሜሪካ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን በአባትና በአያት እንጠራለን። ስለዚህ ስሙና የልደት ቀኑ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

በመጨረሻ ገንዘብ። በልውውጥ ስምምነት የትምህርት ክፍያ ሊቀር ይችላል፤ የአውሮፕላን ትኬት፣ መኖሪያና ምግብ ግን አብረውት አይቀሩም። የጤና መድኅኑም ለእያንዳንዱ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል።

እንግዲህ ዝግጅቱ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይጀመር። ወላጆች ሆይ፣ የዕቁብ ዕጣችሁን ለትኬት ከማዋላችሁ በፊት የትምህርት ስምምነቱ መፈረሙን ጠይቁ። ፊርማው ከሌለ ልጃችሁ አሜሪካን አይቶ ይመለሳል እንጂ ትምህርቱን ይዞ አይመለስም።