የማይነሳ ላፕቶፕ ዋጋው ስንት ነው?

የሽያጭ ሒሳቡን፣ የዱቤ መዝገቡንና የግብር ሰነዱን በላፕቶፕ የያዘ የነፋስ መውጫ ወይም የአርብ ገበያ ነጋዴ፣ ማሽኑ አንድ ጠዋት አልነሳ ቢለው ወደ ደብረ ታቦር አሊያም ወደ ባሕር ዳር በመኪና መላክ ይቀናዋል። የመላኪያው ሒሳብ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማሽኑ በማን እጅ ወድቆ ምን ተደርጎበት እንደሚመለስ ነው።

ጥሎ ሌላ መግዛትም እንደ ቀድሞው አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ በንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ ነበር። ላፕቶፕ ደግሞ ከነመለዋወጫው የሚገባው በዶላር ነው።

“አልነሳም” የሚለው ቃል ብዙ ብልሽት ይሸፍናል። ምንም መብራት ከሌለ ቻርጀሩንና ሶኬቱን መለወጥ ይቀድማል። ከዚያም ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥቶ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝና በቻርጀር ብቻ መሞከር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ “ሞተ” የተባለ ማሽን በዚህ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ የማዘር ቦርድ ዋጋ መክፈል ያስቆጫል። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ ባትሪ አብርቶ ማየት ይጠቅማል። ምስሉ ደብዝዞ ከታየ ችግሩ የስክሪኑ መብራት ነው፤ ካልታየ ራሙን አውጥቶ፣ ጠርጎ መመለስ ይሞከራል። የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ የሚጽፍ ከሆነ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ እንዳይሆን ይታይ። ቀኑም ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ የሳንቲም መጠን ያላት የባዮስ ባትሪ አልቃለች፤ ይህ ርካሽ ዕቃ ነው።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ የሚጠይቀው ሰማያዊ ገጽ ላይ ነው። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ በበርካታ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ይሠራል። ቁልፉም ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በኢንተርኔት፣ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ጠጋኙ “ፎርማት ላድርገው” ካለ ማሽኑ ይነሳል፤ መዝገቡ ግን አይመለስም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የሚያስታውስ ነጋዴ ቁልፉን በወረቀት አትሞ ማኖሩ አይበዛበትም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ባሰራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ሲቆሙ፣ ቁልፉ በእጃቸው ያልነበረ ታላላቅ ድርጅቶች ጭምር ተቸግረዋል።

በጋይንቷ የድጓ ማስመስከሪያ በቤተ ልሔም ዜማው በብራናም በቃልም ይያዛል። የነጋዴው መዝገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ደላላ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ሁለት ጊዜ ያስነሳ፤ ባዮስ ውስጥም ገብቶ ይይ። ከውጭ ኩባንያዎች ተሰናብተው ከሚመጡት መካከል በባዮስ የይለፍ ቃል የታሰሩ አሉ። እንዲህ ያለው ዛሬ ቢነሳም ነገ ዲስክ መለወጥ ሲያስፈልግ እምቢ ሊል ስለሚችል፣ ዋጋው በመለዋወጫ ሒሳብ ይታሰባል።