የበደሳ ጓሮ ወፎችና ምልክት የሚባለው ነገር

በምዕራብ ሐረርጌ የምትገኘው በደሳ የቡና አገር ናት፤ ቡናና ዛፍ ባለበት ጓሮም ወፍ አይጠፋም። በክረምት ዕረፍት ወደዚያ የምንወርድ ተማሪዎች እንግዳ ነገር ማየታችን አይቀርም። አንዷ ወፍ የመስኮቱን መስታወት በምንቃሯ ስትደበድብ ትውላለች፤ ሌላው ደክሞ የሠራውን ጎጆ ራሱ ያፈርሰዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ተሰብስበው ጉጉትን ያሳድዳሉ። ሽማግሌዎች «ምልክት ነው» ሲሉ እኛ ስቀን እናልፋለን። እነርሱ ግን ቢያንስ ወፉን አስተውለዋል፤ እኛ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቅንም።

መስታወት የምትደበድበው ወፍ አላበደችም። ወፎች በመራቢያቸው ወራት ክልል ይይዛሉ፤ ድንበራቸውንም ይጠብቃሉ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው መልኳ ለእርሷ ድንበር የገፋ ባላንጣ ነው። እውነተኛ ባላንጣ ቢሆን ተሸንፎ በሸሸ ነበር፤ ይህኛው ግን በመታችው ቍጥር መልሶ ይመታል። ስለዚህ ጠቡ ማብቂያ የለውም። መስኮቱን በውጭ በኩል በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ብንሸፍነው ባላንጣው ይጠፋል፤ ጠቡም ይበርዳል።

ጎጆውን ከሣር ሸምኖ በቅርንጫፍ ጫፍ የሚያንጠለጥለው ቢጫ ወፍም እንዲሁ ነው። ወንዱ በለጋ ሣር ይሠራና ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጋብዛል። እርሷም ገብታ ትመረምራለች። ሣሩ አረንጓዴ ሳለ ተቀባይ ካላገኘ፣ ደርቆ ሲገረጣ ጎጆው የመመረጡ ነገር ይመነምናል። ያን ጊዜ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። ማፍረሱ የቍጣ ሳይሆን የሥራ ነው።

ጉጉት የሌሊት አዳኝ ናት። ቀን በዛፍ ላይ ያገኟት ትናንሽ ወፎች እየጮኹ ይከቧታል። ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ያስጠነቅቃል፤ የተገለጠ አዳኝም ብዙ ጊዜ ሥፍራውን ለቆ ይሄዳል። በአገራችን ጩኸቷ የክፉ ወሬ መልእክት ነው ስለሚባል በድንጋይ ትባረራለች። ነገር ግን የገበሬውን ማሽላ የሚፈጀውን አይጥ የምትበላው እርሷ ናት። ጉጉትን የገደለ አይጥን አሳደገ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኒኮ ቲንበርገን፣ በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ማናቸውም የእንስሳ ጠባይ አራት ጥያቄ እንዲነሣ አሳስቧል፤ ምን ቀሰቀሰው? ከልጅነት ጀምሮ እንዴት አደገ? ለኑሮው ምን ይጠቅመዋል? ከቀድሞ ዘሩ እንዴት መጣ? የመጀመሪያውን ለመመርመር ላቦራቶሪ አያሻም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ ወፏ ያደረገችውን እንጻፍ፤ የመሰለንን ግን ለብቻው እናኑር።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ «ይህ አጉል እምነት ነው» ብሎ በወላጅ ፊት መናገር ማስተማር አይደለም። ጋዜጣውን በመስኮቱ ላይ ለጥፎ፣ ወፏ ጠቧን ትታ ስትሄድ አብሮ ማየት ግን ትምህርት ነው።